የቱሉ ዲምቱ ሒሳብ፦ ዕድገቱ ስንት ነው ሳይሆን ምን ሠራ?

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ "ቀይ ኮረብታ" ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አካባቢው በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ከአቃቂ ቃሊቲ ወጥቶ ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያልፍበታል። በ2006 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ባለ ክፍያ ፈጣን መንገድ፣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሸፈነው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል። በቂሊንጦ በኩል የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ዙሪያውን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ከኮንዶሚኒየም ጋር ተያይዞ ቆሟል።

ይህ ሁሉ ሲገነባ በአገሪቱ ዓመታዊ የዕድገት ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ፣ የማሽን ኪራዩ ተደምሯል። ያልተደመረም አለ። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ያጣው የነገ ምርት አልተቀነሰም። አጠገቡ የሚፈሰው የአቃቂ ወንዝ መበከሉ አልተቀነሰም። ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ለመሄድ ሰልፍ ላይ የሚባክነው ሰዓትም በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም።

አንድ ወፍጮ ቤት ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ስንት ኩንታል እህል እንደገባበት ተቆጥሮ ብቻ አይደለም፤ ከገባው ምን ያህል ዱቄት ወጣ፣ ምን ያህሉ ባከነ ተብሎ ነው። የአገር ዕድገትም እንደዚሁ ነው። ዋናው ጥያቄ ምጣኔ ሀብቱ በስንት በመቶ አደገ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ያ ዕድገት ስንት ሕፃን ከሞት አተረፈ፣ ስንት ሰው ከድህነት አወጣ፣ ለነገስ ምን አስቀረ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጥያቄ በየዓመቱ ትመልሳለች። ሁለተኛውን ግን አልፎ አልፎ ብቻ።

*ቁጥሩ ከየት መጣ?*

ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው መለኪያ መሠረቱ የተጣለው በአሜሪካ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የአገሪቱን ገቢ አስልቶ እ.ኤ.አ በ1934 ለኮንግረሱ ሪፖርት አቀረበ። በዚያው ሪፖርት የአንድን አገር ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢ ቁጥር ብቻ መረዳት እንደማይቻል አስጠነቀቀ። ዓለም ቁጥሩን ወሰደ፤ ማስጠንቀቂያውን ተወው።

ኢትዮጵያም ቁጥሩን ከዕቅድ ጋር ተቀበለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ እ.ኤ.አ ከ1957 እስከ 1961 ወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። የዕቅዶቹ ፍሬ በደንብ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ አቃቂ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በዚያ ያልፋል፣ ወንዙ ቅርብ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአቃቂን ስም ከፋብሪካ ጋር አጣመረው። ሠራተኛው ከየክፍለ ሀገሩ መጣ፤ ከተማው በፋብሪካ ፉጨት የሚነሳና የሚተኛ ሆነ። ወንዙ ግን የቆሻሻ መውረጃ ሆነ።

ይህ በአቃቂ የመጀመሪያው ትምህርት አልነበረም። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚያ የተሠራው ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት ኃይል ለአዲስ አበባ ይሰጥ ነበር። ከአስርት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ደለልና የከተማው ቆሻሻ አሸነፉትና ቆመ። ከረጅም ዘመን በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል፤ ሐይቁ ላይ ግን ዛሬም እምቦጭ ይንሳፈፋል። አዲስ አበባን ካበሩት ቀደምት ግድቦች አንዱን ያፈነው የራሷ የአዲስ አበባ ዕድገት ነው።

ደርግ በጥር 1967 ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ባለቤቱ ተቀየረ፤ የመለኪያው ልማድ አልተቀየረም። ስንት ሜትር ጨርቅ፣ ስንት ቶን ብረት፣ ኮታው በስንት በመቶ ተሟላ የሚል ሪፖርት ነበር። የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ የተጀመረው በ1977 ዓ.ም፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ ነው። ኢሕአዴግም ከ2003 ጀምሮ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ብሎ በኪሎ ሜትር፣ በሜጋ ዋትና በቤት ቁጥር ቆጠረ። ሦስቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም ሰማይና ምድር ናቸው። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ወደ ወፍጮው የገባውን መቁጠር ይወዳሉ።

*አውሮፓውያን እንዴት ይለኩታል?*

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በጀመረበት በ1957 እ.ኤ.አ፣ ማይክል ፋሬል የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ ምርት ቅልጥፍና አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በ1978 ደግሞ ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሐሳቡን ወደ ሒሳብ ስልት ቀየሩት። ስልቱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲኢኤ ይባላል።

አሠራሩ ለወፍጮ ቤት ባለቤት ግልጽ ነው። በአንድ በኩል የገባው ይጻፋል፦ ካፒታል፣ ጉልበት፣ ኃይል፣ ገቢ። በሌላ በኩል የወጣው ይጻፋል፦ ረጅም ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ንጹሕ አየር፣ የድህነት መቀነስ። ከዚያ በተመሳሳይ ግብዓት ብዙ ውጤት ያወጡት አገሮች ተለይተው ሌሎቹ ከእነሱ ምን ያህል እንደሚርቁ ይሰላል። ማንም በምኞት ከተሳለ ፍጹም አገር ጋር አይወዳደርም፤ የሚወዳደረው እውነት ከሠራ አገር ጋር ነው። በዚህ መንገድ የአውሮፓ አገሮች ዕድገታቸውን ወደ ዘላቂ ልማት የመቀየር ችሎታቸው እየተመረመረ ይወዳደራሉ።

ውጤቱ ሀብትና ቅልጥፍና አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። በቅርብ ዓመታት በዘላቂ ልማት ግቦች ደረጃ ፊንላንድ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ፊት ላይ ናቸው። በነፍስ ወከፍ ገቢ ከቀዳሚዎቹ አንዷ የሆነችው ሉክሰምበርግ ግን ከኋላቸው ትመጣለች። የአየርላንድ ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል። በ2015 እ.ኤ.አ ምጣኔ ሀብቷ በአንድ ዓመት 26 በመቶ ገደማ አደገ ተባለ። የአየርላንድ ሰው ኪስ ግን ያን ያህል አልሞላም። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረታቸውን መዝገብ ወደዚያ ስላዛወሩ ነበር ቁጥሩ የዘለለው። አገሪቱ በ2017 ይህን የሚያጣራ ሌላ መለኪያ ለማውጣት ተገደደች። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" በደብሊንም እንደሚሠራ ታየ።

ስልቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ1990 እስከ 2023 እ.ኤ.አ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱን በ37 በመቶ ቀንሶ ምጣኔ ሀብቱን በ68 በመቶ አሳድጓል ይባላል። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አውሮፓ የምትለብሰው ጨርቅና የምትጠቀመው ብረት ከፊሉ ጭሱን ትቶ የሚመጣው ከሌላ አገር ነው። የሌላው አገር ወንዝ በአውሮፓ ሒሳብ ውስጥ የለም። ወደ ወፍጮው ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብሎ የሚመርጠው ሰው ውጤቱንም ግማሽ በግማሽ ይወስናል።

*የኢትዮጵያ ወፍጮ ምን አወጣ?*

ይህን ዓይን ይዞ ያለፉትን ዓመታት ማየት ይቻላል። የዓለም ባንክ ስሌት እንደሚለው እ.ኤ.አ ከ2004 እስከ 2014 የኢትዮጵያ ምጣኔ ሀብት በአማካይ በዓመት 10.9 በመቶ አድጓል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ብዙም አልተወዛወዘም። ውጤቱ ግን ተወዛውዟል።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ1992 ከሺህ 166 ነበር። በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67 ወረደ። ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ከሌሎች ደሃ አገሮች ጋር ሲወዳደርም ያስመሰግናል።

የእናቶች ሞት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በ1997 ጥናት ከመቶ ሺህ ሕያው ወሊድ 673 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2003 ጥናት 676 ሆነ። አገሪቱ በሁለት አኃዝ እያደገች ባለችበት ጊዜ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በ2008 ግን ወደ 412 ወረደ። እርግጥ እነዚህ ጥናቶች ያለፉትን ሰባት ዓመታት ወደ ኋላ የሚያዩ ግምቶች ናቸው፤ ሰፊ የስህተት ክልልም አላቸው። ሆኖም ሌላ ቁጥር ያጠናክራቸዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1997 ከመቶ 5፣ በ2003 ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2008 ወደ 26 ከመቶ ደረሱ። ዕድገቱ ያው ነበር። የተለወጠው ገንዘቡ የሄደበት መንገድ ነው፦ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ፣ ጤና ጣቢያ ተከፈተ፣ ለየወረዳው አምቡላንስ ተሰጠ።

ድህነትም እንዲሁ። በመንግሥት መለኪያ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1997 ከነበረበት 38.7 በመቶ በ2003 ወደ 29.6 ወረደ። በስድስት ዓመት 9.1 ነጥብ፣ በዓመት 1.5 ገደማ ማለት ነው። ከ2003 እስከ 2008 ደግሞ ወደ 23.5 ወረደ፤ በዓመት 1.2 ገደማ። ከተማው በፍጥነት ሲወርድ፣ ከ25.7 ወደ 14.8፣ ገጠሩ ከ30.4 ወደ 25.6 ብቻ ዝቅ አለ። የገቢ ልዩነትን የሚለካው ጂኒ ከ0.298 ወደ 0.328 ወጣ። ዕድገቱ አልቆመም፤ ወፍጮው ግን ከገጠሩ እህል ያወጣው ዱቄት አነሰ። በ2008 ዓ.ም ከመቶ ሕፃናት 38ቱ መቀንጨር ነበረባቸው። ከዚያ ማግስት የመጣውን የፖለቲካ ቁጣ በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ያለዚህ ማስረዳትም አይቻልም።

*መሬቱና ወንዙ*

ቱሉ ዲምቱና ጎረቤቷ ኮዬ ፈጬ የዚህ ሒሳብ መጋጫ ነጥብ ናቸው። ለዓመታት የሠራው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ካሳ የሚያሰላው ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር በማባዛት ነበር። በወረቀት ላይ የአሥር ዓመት ገቢ ነው። መሬቱ ግን በአሥረኛው ዓመት ማፍራቱን አያቆምም፤ ብሩም በአሥር ዓመት ውስጥ ዋጋው ያው አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ አሥራ አምስት ዓመት አሳደገው፤ መሠረቱንም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አደረገ። ሕጉ መቀየሩ በራሱ የቀድሞው ሒሳብ ጎደሎ እንደነበር ምስክር ነው። በመካከል ግን ብዙ ሆኗል። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሕይወት ያስከፈለ ተቃውሞ ተነስቶበት በጥር 2008 ቀረ። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ሲወጣባቸው የኮዬ ፈጬ ጉዳይ እንደገና ኦሮሚያን አነሳሳ።

በሌላ በኩል ዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለት የአዲስ አበባ ነዋሪ አለ። እሱም ጥፋተኛ አይደለም። በኪራይ ሲንገላታ ኖሮ በራሱ ጣሪያ ሥር ማደሩ እውነተኛ ልማት ነው። የዕድገቱ ቁጥር ግን ቤቱን ሲቆጥር ከቤቱ እስከ ሥራው ያለውን ርቀት አይቆጥርም፤ የሕንፃውን ዋጋ ሲደምር የተነሳውን ገበሬ ኪሳራ አይቀንስም። ሁለት ሰዎችን ያጣላውን ነገር መለኪያው እንደ አንድ ንጹሕ ትርፍ ያየዋል።

ወንዙም እንዲሁ። ፋብሪካው ሲያመርት ዕድገት ነው። ፍሳሹ ወንዙን ሲበክል ዜሮ ነው። በቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራው ማጣሪያ ሲገነባ እንደገና ዕድገት ነው። በተበከለው ወንዝ የለማ አትክልት ታምሞ የሚታከም ሰው ለሐኪም ሲከፍልም ዕድገት ነው። የአዲስ አበባን የመጠጥ ውኃ ትልቅ ክፍል የሚሰጡት ጉድጓዶች የሚገኙት በዚሁ በአቃቂ መሬት ውስጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ ወንዙን ከሒሳቡ ማውጣት ቀልድ አይደለም።

*ደሃ አገር መጀመሪያ ይደግ የሚሉት*

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። አውሮፓ መጀመሪያ አደገች፣ ወንዞቿን በከለች፣ ከዚያ አጸዳች፤ ደሃ አገር ስለ ቅልጥፍና ለማውራት ገና ነው ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ያለ መንገድ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ፋብሪካ ድህነት አይቀንስም።

የኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያስተምራል። ሕፃናትን ያተረፈችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ውድ አልነበረችም፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች የቀበሌዋ ልጅ ናት። ቅልጥፍና የሀብታም ቅንጦት ሳይሆን የደሃ ግዴታ ነው፤ ብዙ እህል የሌለው ሰው ነው ዱቄቱ እንዳይባክን መጠንቀቅ ያለበት። አገሪቱ ራሷም ይህን ታውቃለች። በ2004 ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በተለመደው መንገድ ከተሄደ እ.ኤ.አ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን የሚደርሰውን ልቀት በ2010 ከነበረበት 150 ሚሊዮን ሳያልፍ ማደግ ይቻላል የሚል ነበር። ሐሳቡ ከመጀመሪያውም ስለ ቅልጥፍና ነው።

የጎደለው የልኬቱ ልማድ ነው። የ2016 በጀት ዓመት ዕድገት 8.1 በመቶ ነው ሲባል፣ ቁጥሩ በዓመቱ መጨረሻ ለምክር ቤት ይቀርባል፣ በዜና ይነገራል። የሕፃናት ሞት፣ መቀንጨር፣ ድህነት፣ የወንዝ ጥራት ግን በየአምስት ዓመቱ ከተገኙ ነው። በዓመት የሚለካ ነገር በአምስት ዓመት የሚለካውን ምንጊዜም ያሸንፈዋል፤ ሹም የሚገመገመው በሚቆጠረው ነውና።

የኢትዮጵያ የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ በ2022 ዓ.ም ያበቃል። የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ ልማት ግቦችም የሚያበቁት እ.ኤ.አ በ2030 ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ይገናኛሉ። ያኔ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድና ስንት ቤት ተሠራ ብሎ መመለስ ቀላል ይሆናል። በዚያ መንገድ ዳር ያደገው ልጅ ቀንጭሮ ነው ወይ? የተነሳው ገበሬ ዛሬ በምን ይኖራል? የአቃቂ ውኃ ይጠጣል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሚኖረው ከዛሬ ጀምሮ ከዕድገቱ ቁጥር ጎን ለጎን፣ በየዓመቱ፣ በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ከተለኩ ብቻ ነው። ምክር ቤቱም የዕድገቱን መቶኛ በሰማ ቁጥር "ምን ሠራበት?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።