ሐኪሙና የዓባይ ግድብ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መንጌ ከምትገኝበት ከአሶሳ ዞን ዓባይን ተሻግሮ፣ በጉባ የቆመው የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከመሠረቱ መጣል 83 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚሁ ወንዝ ምንጭ ላይ ግድብ ለማሠራት ባሕር ተሻግረው የተደራደሩት ኢትዮጵያዊ ግን መሐንዲስ ሳይሆኑ ሐኪም ነበሩ።

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ በጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጓቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ በበርማም አገለገሉ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

ዘመናዊ ሕክምና የተማረ ኢትዮጵያዊ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ እኒህ ሰው ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ መራቃቸው ቀላል ጉዳት አልነበረም። ይሁን እንጂ መንግሥት የውጭውን ዓለም ቋንቋና አሠራር የሚያውቅ ሰው ለብዙ ጉዳይ ይሻ ነበር። ስለዚህ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ከጄ. ጂ. ኋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ከዚያም የጨርጨር ገዥ፣ ቀጥሎም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ።

በጣና ጉዳይ የገጠማቸው መሰናክል የምህንድስና ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ያስገድድ ስለ ነበር፣ የድርድሩ ወሬ ለንደንን አስቆጣ። ኩባንያው ስፍራውን ቢያጠናም፣ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሁሉን አቋረጠው።

ወረራው ከዚህ የከበደ ዋጋም አስከፈላቸው። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ለአገራቸው ሊዋጉ የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባትየው ግን እስከ 1945 ዓ.ም. ኖሩ።

እንግዲህ ሐኪም ወርቅነህ ሕክምናን በመተዋቸው አገር አተረፈች ወይስ ከሰረች ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያልታከሙትን ሕሙማን የሚቆጥር መዝገብ የለም። የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር አንዱን ሰው ለሁሉም ሥራ ማሰማራት ግድ ይሆናል፤ አንዱ ጉድለት ሲሞላም ሌላው ይከፈታል። በጉባ ግድቡን ሊሠሩ የቻሉት፣ ከሕሙማን አልጋ የተወሰዱ ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ብዙ ባለሙያዎች ናቸው።