«እንዳይሄድ ከለከለው»፦ ስለ ማግባባትና ስለ መከልከል ግሦች፣ ከጀርመንኛ ክፍላችን እስከ በከኒሳ ቀሴ

ባለፈው ሴሚስተር በጀርመንኛ ትምህርት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተሰጠንና ወደ ጀርመንኛ መልሱ ተባልን። አባት ልጁን መሄድ ከለከለው፤ ይኸው ነው። እኔ እንደ ልማዴ በመጀመሪያ በልቤ ወደ አማርኛ አዞርኩትና «እንዳይሄድ ከለከለው» አልኩ፤ ከዚያም ያንኑ ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ ገለበጥኩት። ወረቀቴ ሲመለስ በቀይ ተሰምሮበታል። ለካስ የኔ አባት የከለከለው መሄድን ሳይሆን አለመሄድን ኖሯል! በኔ ጀርመንኛ ልጁ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል ማለት ነው። አንዲት «አይ» የታሪኩን መጨረሻ ገልብጣዋለች።

ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። እኔ የመጣሁት ሽማግሌዎቿ በከኒሳ ቀሴ ከሚሏት ከነቀምቴ ነው፤ በከኒሳ ማለት ብሳና ነው። በዚያች የብሳና አገር ደግሞ ዕድሜያቸውን በትርጉም የጨረሱ፣ በማግባባትና በመከልከል መካከል የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሰዋስው ተነስቼ ወደ ታሪክ ልሻገር። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያ ስለ መከልከል። እኛ በአማርኛ ከከልካዩ ግሥ በተጨማሪ በተከልካዩም ግሥ ላይ አሉታ እንጨምራለን፤ እንዳይሄድ ከለከለው፣ እንዳይናገር አገደው፣ እንዳይወድቅ ያዘው። ኦሮምኛም እንደዚሁ ነው፤ «አከ ሂን ዴምኔ ዾርኬ» ሲባል «ሂን» የኛን «አይ» ሥራ ትሠራለች። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ግን ይህን አይፈልጉም፤ መከልከሉ ራሱ አሉታ ነውና ሁለተኛ አሉታ ቢጨመርበት እንደኔ ወረቀት ትርጉሙን ያዞረዋል። እንግዲህ ከነሱ ወደኛ ሲመጣ «አይ»ን መጨመር፣ ከኛ ወደነሱ ሲሄድ «አይ»ን መጣል ግድ ነው። ቃል በቃል ታማኝ የሆነ ተርጓሚ እዚህ ላይ ዋሾ ይሆናል።

የቃላቱም ሥር ቢታይ ያስገርማል። የእንግሊዝኛው «ፕሪቬንት» ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ቀድሞ መድረስ ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገና «ቀደመ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ያንን አይቶ «ከለከለ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ከመንገድ ይስታል። የጀርመንኛው «ፌርሂንደርን» ደግሞ ከ«ኋላ» ጋር የተዛመደ ነው፤ ወደ ኋላ ማስቀረት እንደማለት። ታዲያ ይህ የኛው «አስቀረ» አይደለም እንዴ? ቀረ፣ አስቀረ። እንግሊዙ ቀድሞ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጀርመኑና እኛ ግን ሰውየውን ከኋላ እናስቀረዋለን። «ፌርቢተን» ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በቃልና በሥልጣን መከልከል ነው። የተከለከለ ሰው ትእዛዙን ጥሶ ሊሄድ ይችላል፤ የተደናቀፈ ሰው ግን አልሄደም። አማርኛችን ለሁለቱም «ከለከለ» ማለቱን አይጠላም፤ ተርጓሚው ግን የቱ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ማግባባትም የራሱ ጣጣ አለው። የእንግሊዝኛው «ፐርስዌድ» በላቲን ሥሩ «ጣፋጭ» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ ነገርን ማጣፈጥ እንበለው። ጀርመንኛ ግን ይህን አንድ ቃል ለሁለት ይከፍለዋል። «ዩበርሬደን» ሰውን በንግግር ብዛት ረትቶ ማሠራት ነው፤ ልቡ ባያምንም እንኳ እሺ ብሏል። «ዩበርጾይገን» ግን ምስክር ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሰውየው ማስረጃ ቀርቦለት ከልቡ ተቀብሏል። ሦስተኛ ደግሞ «ጹሬደን» አለ፤ ይህ ውጤቱ ያልታወቀ ውትወታ ነው። እኛም ብንሆን ድሆች አይደለንም፤ አግባባው፣ አሳመነው፣ አባበለው እንላለን። «ባባብለው እምቢ አለኝ» ያስኬዳል፤ «አሳምኜው እምቢ አለኝ» ግን ጆሮ ይሻክራል። ኦሮምኛም ከማመን «አመንሲሱ»ን ያወጣል፤ የሚያለቅስ ልጅ ለሚያባብል ደግሞ «ሶሶቡ» አለው። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰውየው አደረገው ወይስ አላደረገውም? ቢያደርገውስ ልቡ ተስማምቷል?

ይህን ጥያቄ ከሁላችን በፊት የተጋፈጠው ሰው በልጅነት ስሙ ሂካ ይባል ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው፤ ግሡም «ሂኩ» ሲሆን መፍታትም መተርጎምም ይሆናል፤ እኛ ሕልም ፈታ እንደምንለው። የተወለደው በ1850ዎቹ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ ነው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ወርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊሳዊ ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ እኛም ኦነሲሞስ ነሲብ እያልን የምናውቀው እሱን ነው። ትምህርቱንም ስቶክሆልም ውስጥ በዮሐነሉንድ ተከታተለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመከልከል ታሪክ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ሞከረ፤ ሳይሆንለት ተመለሰ። ሁለተኛው ጉዞ በ1886 እንጦጦ ድረስ አደረሰው፤ አፄ ዮሐንስ ሚሲዮናውያንን አግደው ስለነበር ከዚያ አላለፈም። በእግሩ መግባት ቢያቅተው በመጽሐፍ ልግባ ብሎ ምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ቁጭ አለ። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ በልጅነቱ ከቋንቋው የተነጠቀ ሰው ስንት ቃል ይዞ ይቀራል?

እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ ትገባለች። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት፤ በ1886 ጣሊያኖች ባሪያ የጫነ መርከብ ይዘው ካስለቀቋቸው አንዷ ነበረች። እምኩሉ ስትመጣ ቋንቋዋን ሙሉውን ይዛ መጣች። 15,000 ያህል ቃላት ያሉት የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አሰናዳች፤ ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ምሳሌውን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 ሲታተም፣ በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጣ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተለቅሞ በ1899 የታተመው በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ነበር፤ ኦነሲሞስም እዚያ ሄዶ ሕትመቱን ተቆጣጠረ። ጀርመንኛ በሚነገርበት ሰፈር የወለጋ ቋንቋ በኢትዮጵያ ፊደል ሲለቀም ይታያችሁ! ቀለም የጨረሰ ሁሉ ስለዚያ ሥራ የተናገረውን ብንሰማ፣ አስቴርን ረዳት ብቻ ብሎ የሚያልፋት ይበዛል። እኔ ግን ቃሉን ያመጣ ሰው እንዴት ረዳት ይባላል እላለሁ።

ሁለቱ እምኩሉ ተቀምጠው በግሥ ሲጨነቁ፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትልቁ የግሥ ጠብ ተነሳ። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ለንጉሡ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣሊያንኛው ተስማምተዋል፣ ማለትም ግዴታ ገብተዋል የሚል ሆኖ ተገኘ። ዳፋው በ1896 ዓድዋ ላይ በደም ተከፈለ። መቻልና መገደድ፣ መፍቀድና መከልከል፣ ከሰዋስው መጽሐፍ ውጭም ሰው የሚሞትባቸው ግሦች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ኦነሲሞስና አስቴር በመጨረሻ በ1904 ወለጋ ገቡ፤ በመጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የቀድሞው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲማር ተሰበሰበ፤ ክስም ተከተለ። በ1906 ኦነሲሞስ አዲስ አበባ ተጠርቶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበና እንዲጋዝ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን እንዳይሰብክ ተባለ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህችን ግሥ አስተውላት፤ «እንዳይሰብክ»። ከላይ ስለ ጀርመንኛው የጠየቅነውን እዚህም እንጠይቅ፤ ይህ መከልከል የቱ ነው? በቃል መከልከል ነው እንጂ ማስቀረት አልነበረም። መስበክ ተከለከለ፤ ማስተማር ግን አልተከለከለም። ኦነሲሞስ በሁለቱ ግሦች መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ፈልጎ ገባባት፤ አፉን ከስብከት ዘግቶ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ልጆችን ማንበብ አስተማረ። ግዞቱ ግን እንደ ደመና ከራሱ በላይ ነበር። ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ በ1916 ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦነሲሞስም በ1931 እስኪሞት ድረስ ሠራ። «እንዳይሰብክ» ወደ «እንዲሰብክ» ስትለወጥ በጽሑፍ የምትታየው ለውጥ የአንዲት ፊደል ያህል ናት፤ በኑሮ ግን አሥር ዓመት ያህል ፈጀች።

መከልከሉ በዚያም አላበቃም። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ፣ ሌሎቹን የአገር ቋንቋዎች በጅማሬው ላይ በቃል ብቻ እንዲያገለግሉ ወሰነ። በእምኩሉ በላብ የተለቀመው የኦሮምኛ ጽሑፍ እንደገና ከኋላ እንዲቀር ሆነ። እኛ ደግሞ ታሪክ ስንጽፍ «ተከለከለ» እንላለን፤ ጀርመንኛም እንግሊዝኛም በተገብሮ ግሥ ይህንኑ ይላሉ። ማን ከለከለ? ግሡ አይናገርም። ስለዚህ እኔ ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ «ተከለከለ» የሚል ባየሁ ቁጥር ሳልተረጉም በፊት ከልካዩን እፈልጋለሁ። እናንተም ብትሞክሩት ብዙ ሰነድ ሌላ መልክ ይይዛል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሐዋርያት ሥራ በግሪክኛው የሚዘጋው በአንዲት ቃል ነው፤ ትርጓሜዋም «ያለ ከልካይ» ነው። ጳውሎስ ሮም ላይ ወታደር እየጠበቀው ያስተምር ነበር፤ መጽሐፉ ግን በዚያች ቃል ያበቃል። ሉተር በጀርመንኛ በአንድ ቃል «ኡንፌርቦተን» ብሎ መለሳት። በእምኩሉም ኦነሲሞስ ከ1893 በፊት ለዚህችው ቃል ኦሮምኛ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ራሱ አሥር ዓመት ያህል ተከልክሎ እያስተማረ ሊኖር መሆኑን አላወቀም። ቃሏን ቀድሞ ተረጎማት፤ ቆይቶ ኖረባት።

እኔ ግን ቀይ የተሰመረበትን ወረቀቴን አልጣልኩትም። የጻፍኩት ስሕተት ቢሆንም፣ በዚያ ስሕተት ውስጥ ልጁ ሄዷል።