ግብር፣ ስወራ፣ ምሕረት

ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሳሉ ግብር ሲያስገቡም ግብር ሲያበሉም ቃሉ አንድ ነበር። ገባሩ አቀበቱን ተሸክሞ የሚወጣው ማር ግብር ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ሠራዊቱ የሚጠጣው ጠጅም ግብር ነው።

የግዕዙ መነሻ ግን ሌላ ነው። ገብረ ሠራ፣ አደረገ ነው፤ ግብር ሥራ፣ ገብር አገልጋይ። «ግብረ ሐዋርያት»ን የሐዋርያት ቀረጥ ብሎ የሚፈታ ደቀ መዝሙር እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አማርኛ ገበረን ከ«ሠራ» ወደ «ሰጠ» አሻገረው። «አገሩ ገበረ» ከተባለ ተሸንፏል። የሥራው ትርጉም በዘመዶቹ በተግባር፣ በምግባርና በግብርና ተርፏል። ገበሬና ገባርም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ያስገባል፤ ሰውዬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ያመፀበት አዋጅ «የእርሻ ገቢ ግብር» ይባል ነበር።

በእንጦጦ ጋራ የበቀለው ባሕር ዛፍ መጤነቱን በስሙ ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ምኒልክ እንዲስፋፋ ብለው የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ አወጡ። መሬት ላለው መሆኑ ነው እንግዲህ። ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት እናቶች ከዚያ ነጻነት የደረሳቸው ሸክሙ ነው።

ቀረጥ የቢላ ቃል ነው። ግዕዙ ቀረጸ ይላል፤ ጸጉር ጠጉር እንደሚሆን ሁሉ ቀረጸም ቀረጠ ሆነ። አማርኛ ሁለቱንም አልጣለም፤ ሐውልትና ድምፅ ይቀረጻል፣ ዕቃ ይቀረጣል። (ቀረጡን የሚሰበስበው ጉምሩክ የቱርክ ቃል ነው፤ በግሪክ በኩል ወደ ላቲን ሲወጣ መነሻው «ንግድ» ሆኖ ይገኛል።) የቅርብ ዘመዱ ቆረጠ ደግሞ ቢሮም ሱቅም ይውላል። ከደመወዝ ግብር ይቆረጣል፤ ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ ይቆረጣል። የመጀመሪያውን ለማስቀረት ሠራተኛው አይጠየቅም፤ ሁለተኛውን ግን አንድ ባልዲ ቀለም ልትገዙ ስትገቡ ባለሱቁ አማርጧችሁ ይቆርጣል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በመካከሉ ያለው ልዩነት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው።

ደረሰኝ ራሱ ቃል መስሎ የተቀመጠ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ደረሰ ሲደመር ኝ፣ «እኔ ዘንድ ደረሰ»። አማርኛ ይህን ረስቶ «ደረሰኜ» ይላል፤ እኔነት በእኔነት ላይ። ወጪን ለማናርና ትርፍን ለማሳነስ የሚገዛው ሐሰተኛ ደረሰኝ እንግዲህ ሰዋስዋዊ ውሸት ጭምር ነው፤ የደረሰ ዕቃ የለም።

ደመወዝን ብዙዎች ደም እና ወዝ ብለው ይፈቱታል፤ ደመ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ተናባቢ ነው ማለት ነው። አፈታቱ ያምራል፤ ስለሚያምር ብቻ እጠረጥረዋለሁ። ቁጥሩ ግን አያጠራጥርም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። የድርጅት ትርፍ 30 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ያውም ትርፍ መኖሩን ራሱ ድርጅቱ ሲናገር።

ካልተናገረ ስወራ ይባላል። ሰወረ ቅዱስ ቃል ነበር፤ «ከክፉ ይሰውርህ» ይባላል፣ ጻድቃንም ይሰወራሉ። በ2008 ዓ.ም. ሕግ አውጪው የገቢ ግብር አዋጅን በቁጥር 979፣ የታክስ አስተዳደር አዋጅን በቁጥር 983 ሲያወጣ አንዱን «ግብር»፣ ሌላውን «ታክስ» አለ፤ ወንጀሉም «ታክስ ስወራ» ሆነ። ለመሰወር የሚሰወር ነገር ያስፈልጋል። ደመወዝተኛው ገንዘቡ እጁ ከመግባቱ በፊት ተቆርጦለት ምኑን ይሰውር?

ከስወራ ቀጥሎ ምሕረት ይመጣል። ግዕዝ መሐረ (ራራ) እና መሀረ (አስተማረ) ብሎ በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ሀ ይለያቸዋል፤ አማርኛ ጉሮሮው ሲሰንፍ ሁለቱንም «ተማረ» ውስጥ አጨቃቸው። ኪዳነ ምሕረት የምሕረት ቃል ኪዳን ናት፤ የግብር ምሕረት ደግሞ በምክር ቤት ይወሰናል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወቅት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዕዳ ላይም ወለድና ቅጣት እንዲነሣ ወሰነ። ብዙ ነጋዴ ተማረ። ደመወዝተኛው ግን በምሕረቱ ውስጥ የለበትም፤ ዕዳ ለማጠራቀም ማን ጊዜ ሰጥቶት!