የድጓ ምልክትና የኮምፒዩተር ገጽ

በሰውና በኮምፒዩተር መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመረምረው ጥናት ከሚያነሣቸው ዋና ዋና አሳቦች አንዱ፣ ሰው አንድን ነገር ከባዶ ከሚያስታውስ ይልቅ አይቶ ቢለየው ይቀልለዋል የሚለው ነው። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ስታር በተባለው መኪናው ላይ ጽሑፍንና ማኅደርን በትንንሽ ሥዕል ያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ አሳብ ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ ከኮምፒዩተር አስቀድሞ በብራና ላይ ሲሠራበት እንደኖረ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ትውፊት እንደሚነግረን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለድጓው ዜማ ምልክት አበጁለት። በጋይንት ያለችው ቤተልሔምም የድጓ ተማሪ መምህር ለመሆን የሚያስመሰክርባት ስፍራ ሆነች።

ምልክቶቹ በመስመሮች መካከል፣ በሚመለከቱት ፊደል ትይዩ በደቃቁ ይጻፋሉ። ስማቸውም ሥራቸውን ይናገራል፤ ድፋት ድምፅን ወደ ታች ይደፋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያቀናል፤ ቁርጥ ይቈርጣል። ከእነዚህ ሌላ፣ ከታወቀ የዜማ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ይጨመራሉ፤ ተማሪው እነርሱን ሲያይ ከመምህሩ ሰምቶ በቃሉ የያዘው ሙሉ ዜማ ይመጣለታል። እንግዲህ ምልክቱ ዜማውን አያስተምርም፤ የተማረውን ይቀሰቅሳል እንጂ። የኮምፒዩተሩም ሥዕል እንዲሁ ነው፤ ማኅደር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው የማኅደር ሥዕል ምንም አይነግረውም።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ የዓለምን ፊደላት በቍጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከይዘት እስከ ቁርጥ ዐሥር የዜማ ምልክቶችን መዝግቧል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ምልክቶቹ የተመዘገቡት በፊደል ራስ ላይ እንደሚቀመጡ ሳይሆን ለብቻቸው እንደሚቆሙ ሆነው ነው። ስለዚህ የድጓን ገጽ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ልዩ አቀማመጥ ካላዘጋጀ፣ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ መሆኑ ቀርቶ በጎኑ ይሰለፋል። በድጓ ደግሞ ስፍራ ራሱ ትርጕም ነው፤ ስፍራውን የለቀቀ ምልክት የትኛውን ፊደል እንደሚገዛ አይታወቅም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መኪናው የምልክቱን መልክ ይዟል፤ አሠራሩን ግን ገና አልያዘም። የብራናው ጸሐፊ ገጹን ያሰናዳው የዘማሪውን ዐይንና ትዝታ ዐውቆ ነው። የኮምፒዩተርን ገጽ የሚያሰናዳም ሰው አስቀድሞ ከመሪጌታው ጉባኤ ተቀምጦ ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ ሊመለከት ይገባዋል። በደብረ ታቦርና በአካባቢው ለምንማር ተማሪዎች ጉባኤው ሩቅ አይደለም፤ ጥናቱም ከእኛ ቢጀመር ተገቢ ነው እንላለን።