የማይለቅ ሳይነስና በአፍንጫ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች

አምበር፦ በምሥራቅ ጎጃም የጤፍ ውቂያ ሲደርስ የእብቅ ብናኝ፣ በየቤቱም የማገዶ ጭስ አፍንጫን ያስቆጣሉ። በዚህ ወቅት "ሳይነሴ ተነሣብኝ" የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሳይነስ ግን የበሽታ ስም አይደለም። በግንባር፣ በጉንጭና በዓይኖች መካከል ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ፣ ወደ አፍንጫ በጠባብ ቀዳዳ የሚከፈት አየር የያዘ ክፍተት ነው። የአፍንጫ መታፈን፣ ወፍራም ፈሳሽ፣ የፊት ሕመምና የማሽተት አቅም መቀነስ ለ12 ሳምንታት እና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የሳይነስ ብግነት ይባላል።

በጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስም በርካታ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም ቦታውን በመያዝ ጎጂዎቹ እንዳይበዙ ያግዳሉ። ቀዳዳው አብጦ ሲዘጋ ግን ንፍጡ ይታቆራል፤ ሚዛኑም ይዛባል። ስታፊሎኮከስ አውሪየስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ይበዙና ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርተው ይደበቃሉ። ይህን ሽፋን መድኃኒት በቀላሉ አያልፈውም። ባክቴሪያ ግን ብቸኛ መንስኤ አይደለም፤ አለርጂ፣ በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ እና የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ቁስለትም ለሕመሙ ምክንያት ይሆናሉ።

ስለዚህ በየጊዜው አሞክሳሲሊን እየገዙ መዋጥ መፍትሔ አይሆንም። መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ይገድላል፤ የተላመዱትን ያተርፋል። ለዚህ ማስረጃው ከቅርብ ይገኛል። በዚሁ ዞን በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ የትራኮማ ጥናት፣ በተመረጡ አካባቢዎች ያሉ ሕፃናት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ወሰዱ። መድኃኒቱን የተላመደ ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በአፍንጫና ጉሮሯቸው የተገኘባቸው ሕፃናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አደጉ። ሕክምናው ባልተጀመረባቸው አካባቢዎች ቁጥሩ 9.2 በመቶ ነበር። ይህ ግን የትራኮማ ዘመቻን ለመሸሽ ምክንያት አይደለም፤ በዚያው ጥናት መድኃኒቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ትምህርቱ መድኃኒትን ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አለመውሰድ ነው።

ሥር ለሰደደ ሳይነስ ቀዳሚው ሕክምና አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር፣ በንጹሕ ዕቃ በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ማስወጣት ይቻላል። ያልፈላ የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውኃ መጠቀም አይገባም። ሐኪም ብግነትን የሚቀንስ የአፍንጫ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል፤ ካልተሻለም ቀዶ ሕክምና አለ። በውቂያ ጊዜ አፍንጫንና አፍን መሸፈን፣ የማብሰያ ቤት ጭስ መውጫ ማበጀትም ይረዳል።

የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ የእይታ ለውጥ፣ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።