ከቦሌ የሚነሳው ጽጌረዳ ልቀቱ በማን መዝገብ ይሰፍራል?

ከሆለታ ወይም ከዝዋይ እርሻ የተቆረጠ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርስና በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ይገባል። የበረራው ካርቦን ግን በላኪውም ሆነ በተቀባዩ አገር ብሔራዊ ድምር ውስጥ የለም። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታዊ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የቆጠራ መመሪያ የዓለም አቀፍ በረራ ነዳጅ ከድምሩ ውጪ፣ ለብቻው እንዲመዘገብ ያዛል።

ስሌቱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የሚያከራክረው ክፍፍሉ ነው። አበባው በመንገደኞች አውሮፕላን ሆድ ሲጓዝ የሰውና የካርቶን ድርሻ በምን ይለያል? በተለመደው አሠራር መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ይያዝለታል። ለመቀመጫውና ለመስተንግዶው 50 ኪሎ ሲታከልበት የአበባው ዕዳ ወዲያውኑ ይቀልላል። አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳትቀነስ ማለት ነው። የመልሱ በረራ ባዶ ከሆነስ? ደግሞም ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ ስስ አየሩ አውሮፕላኑ ይዞት የሚነሳውን ክብደት ይገድባል። የጭነቱ መጠን ሲያንስ የእያንዳንዱ ኪሎ ድርሻ ይከብዳል። ከሌላ አገር የተቀዳ አማካይ ይህን አያሳይም።

ርቀትን ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሰላው 12,000 የኬንያ ጽጌረዳ በረራው ተጨምሮበት 6 ቶን ገደማ፣ በጋዝ በሚሞቅ ቤት የበቀለው የኔዘርላንድስ አቻው 35 ቶን ገደማ ካርቦን አስከትሏል። ስሌቱ ለኬንያ ነው፤ ለእኛ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ሆኖም የደጋ ፀሐያችንና በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጨው ኤሌክትሪካችን ተመሳሳይ ብልጫ እንደሚሰጡን ለመገመት በቂ ምክንያት አለ።

ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም። ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ልቀት ላይ ዋጋ የሚጥለው የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ካርቦን ሥርዓት የሽግግር ጊዜውን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀመረ፤ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክን ይመለከታል። አምራቹ የራሱን ልኬት ካላቀረበ ኅብረቱ ያወጣው ግምት ይታሰብበታል። አበባም ሆነ በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ቢሆንም እርሻዎች፣ የፓርኩ ፋብሪካዎችና ጭነት አጓጓዦች የነዳጅና የመብራት መዝገባቸውን ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ማያያዝ ያለባቸው አሁን፣ ጠያቂ ሳይመጣ ነው።