የወፍ ቋንቋ

የወፍ ቋንቋ ልጆች በሚያውቁት ቃል መካከል ባዕድ ድምፅ እየሰነቀሩ የሚፈጥሩት የጨዋታ አነጋገር ነው። ደንቡ እንደ ተጫዋቾቹ ይለያያል። የተመረጠው ድምፅ «ዘ» ነው እንበል፤ ከእያንዳንዱ አናባቢ በኋላ «ዘ» ያንኑ አናባቢ ይዞ ይገባል። «ቡና» «ቡዙናዛ»፣ «ሰላም» ደግሞ «ሰዘላዛም» ይሆናል። ፊደል ገና ያልቆጠረ ልጅ እንኳ ይህን ሲጫወት ግዕዝን ከካዕብ፣ ራብዕን ከሣልስ በጆሮው እየለየ ነው።

ፈተናው ሳድስ ላይ ይመጣል። ጽሑፋችን አናባቢ ያለውንና የሌለውን ሳድስ በአንድ ቅርጽ ይጽፋል፤ ጆሮ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ «ልብ» ሲባል «ል»ን ብቻ «ዝ» ይከተለዋል፣ «ብ» ሳይነካ ያልፋል፤ ውጤቱም «ልዝብ» ነው። «ልዝብ» ደግሞ ራሱን የቻለ፣ ለስላሳ ማለት የሆነ ቃል ነው! የጨዋታው ትልቁ ደስታ እንዲህ ያለው ያልታሰበ ግጥምጥሞሽ ነው።

ደንቡ ለአማርኛ ብቻ የተበጀ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ገፈርሳ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በአፋን ኦሮሞ ጎሽ ማለት የሆነው የቦታው ስም «ገዘፈዘርሳዛ» ይሆናል፤ ውሃ ማለት የሆነው «ቢሻን» ደግሞ «ቢዚሻዛን»።

አዋቂዎችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ደምሴ ተሾመና ሊዮኔል ቤንደር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ሴቶች የሚነገር የምስጢር አነጋገር ገልጸዋል፤ በዚያ «ግን» «ጋይነን» ይባላል። ልጆች ግን የሚደብቁት ነገር ባይኖራቸውም፣ ቃሉ ሲንቀጫቀጭ ለመስማት ብቻ ይጫወቱታል።